ዶሮዋ ለምን አቋረጠች? የዶሮ እርባታ ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የትምህርት ቤታችን የዶሮ እርባታ ክበብ ዘንድሮም ሥራውን የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለው ቤት ውስጥ ገሚሶቹ ከአምና የቆዩ የፈረንጅ ዶሮዎች፣ ገሚሶቹ ደግሞ ወላጆች የሰጡን የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው። አባላቱ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ናቸው። መኖ የሚሰጡት፣ ኩስ የሚጠርጉትና እንቁላል የሚሰበስቡት በተራ ነው።

ጥቅምት ላይ እንቁላሉ ቀነሰ። «ቲቸር፣ ዶሮዎቹ አቋረጡ፤ ምን ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ምክር የሚሰጠን ሰው አላጣንም። ምክሩ ግን ከሁሉም አፍ አንድ ነበር፦ «ካቋረጠችማ እረዷት!» በዚህ አልስማማም። ዶሮ ያለ ምክንያት አታቋርጥም። ምክንያቱ ሳይታወቅ ቢላ ማንሳት ደግሞ ለዶሮዋም ለባለቤቱም ኪሳራ ነው። ስለዚህ የዓመቱን ሥራ በዚህ ጥያቄ ላይ አደረግነው። አንድ ደብተር ገዛን። የየቀኑን እንቁላል ብዛት፣ የተጣለበትን ሰዓት፣ ዶሮዎቹ የበሉትንና የጠጡትን መመዝገብ ጀመርን። ለመለየት እንዲመቸን እግራቸው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር አሰርንላቸው።

ደብተሩ መጀመሪያ ያሳየን ነገር አጽናንቶናል። ባለ ቀይ ክሯ አንድ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጣለች። በማግስቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል። በሦስተኛው ቀን 5 ሰዓት ሊሆን ሲል። እንዲህ እየዘገየች ወደ ከሰዓት ስትጠጋ አንድ ቀን ሳትጥል ዋለች፤ በነጋታው እንደገና በጠዋቱ ጀመረች። አንድ እንቁላል በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ተሠርቶ እስኪያልቅ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉን የሚወስደው ቅርፊቱ ብቻ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ይሄድና አንድ ቀን ይዘለላል። ይህ ማቋረጥ አይባልም። ጤነኛ ዶሮ ሁሉ እንዲህ ታደርጋለች።

ከዚያ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን በሳምንት በሳምንት ከፋፍላ ስትደምር አንድ ነገር አየች። እንቁላሉ በየሳምንቱ ሰኞና ማክሰኞ ይወርዳል፤ ከረቡዕ ጀምሮ ያገግማል። ምን ቢሆን ነው? ቅዳሜና እሁድ ተማሪ የለም። ውሃ ደግሞ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው በፈረቃ ነው። ዓርብ ማታ የተሞላው መጠጫ እሁድ ላይ ባዶውን ይገኝ ነበር። አንዲት ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች፤ ሙቀት ሲሆን ከዚያም በላይ። ከእንቁላሉ አስኳልና ነጭ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ውሃ ያጣች ዶሮ እንቁላሉን ከየት ታምጣው? የቅዳሜና የእሁድ ተራ አወጣን፤ ሁለት ጀሪካንም በመጠባበቂያነት አስቀመጥን። የሰኞው ነገር ቀረ። የዚያች ልጅ ነገር እስካሁን ደስ ይለኛል። መድኃኒት ወይም ልዩ መኖ ከመፈለጋችን በፊት መልሱን ከደብተሩ ውስጥ አወጣችው።

ዘንድሮ ልጆቹ በጣም የወደዱት ትምህርት የጣት መለኪያው ነው። ዶሮዋን በብብት ሥር ሸጎጥ አድርጎ መያዝ። ከዚያ እንቁላል ከሚወጣበት ቦታ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች በቀስታ መዳሰስ። በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባ ዶሮዋ እየጣለች ነው። አንድ ጣት ብቻ ከሆነ አትጥልም። የምትጥል ዶሮ የእንቁላል መውጫዋ ሰፋ ያለና እርጥብ ነው፤ አናቷ ላይ ያለው ሥጋም ደማቅ ቀይ ነው። ያቋረጠችው ደግሞ መውጫዋ ጠባብና ደረቅ ይሆናል፤ የአናቷ ሥጋ ይገረጣል፣ ይኮማተራል።

ይህ ትምህርት የአንዲት ዶሮ ነፍስ አትርፏል። አንድ አባላችን ቤት እናቱ «ይቺ ዶሮ ካቋረጠች ቆይታለች» ብለው ለበዓል አስበዋት ነበር። ልጁ ያዛትና ለካት። ሦስት ጣት ገባ። «እማዬ፣ ይቺ እየጣለች ነው፤ ሌላ ቦታ ደብቃው ነው እንጂ» አላቸው። ጠዋት ከቆጥ ስትወርድ ጀምሮ ተከታተሏት። ከማገዶው ክምር ኋላ ገብታ፣ ጭድ ላይ ደርድራው ተገኘ። ግቢ ውስጥ የምትውል ዶሮ ጨለም ያለና ጸጥ ያለ ቦታ ትወዳለች። የምትጥልበት ሳጥን ከቆሸሸ ወይም ሰው የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። አንዳንድ ቤት ደግሞ ዶሮዋ የጣለችውን ሸለምጥማጥ ወይም አይጥ ይወስደዋል። ራሷ ዶሮዋ ሰብራ የምትበላበት ጊዜም አለ።

የሐበሻ ዶሮዎቻችን ጉዳይ ለየት ይላል። ኅዳር ላይ አንዷ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጣ አልነሳም አለች። ሲጠጓት ላባዋን ነፋ አድርጋ ትጮሃለች፣ እጅ ትነክሳለች። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ዶሮዋ አበደች!» እያለ ሮጦ መጣ። አላበደችም፤ ታቅፋለች። የሐበሻ ዶሮ ከ12 እስከ 15 እንቁላል ጥላ መታቀፍ ትፈልጋለች። 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ከዚያ ጫጩቶቿን ሁለት ወር ያህል ታሳድጋለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ የምትሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ቦቫንስና ሎማንን የመሳሰሉ የፈረንጅ ዶሮዎች መታቀፉን በዘር ምርጫ እንዲተዉት ተደርገዋል። በደንብ ከተያዙ በዓመት ወደ 300 ይጥላሉ።

መታቀፏን ለማስተው በየሰፈሩ የሚደረገውን ልጆቹ ከየቤታቸው ጠይቀው መጡ። ቁልቁል መስቀል፣ እግሯን ማሰር፣ አፍንጫዋ ውስጥ ላባ መሰካት፣ ጎረቤት ወስዶ ማሳደር። ጎረቤት ማሳደሩ ክፋት የለውም። ሌላው ግን ማሰቃየት ነው፤ በክበባችን ተከልክሏል። የእኛ ዘዴ ቀላል ነው። ከሥሯ ነፋስ እንዲያገኛት ወለሉ ሽቦ በሆነ ሳጥን ውስጥ ከመኖና ከውሃ ጋር ለጥቂት ቀናት አቆየናት። ሆዷ ሥር ሲበርዳት የመታቀፍ ፍላጎቷ ጠፋ። ሌላዋን ደግሞ እንቁላል ሰጥተን አስታቀፍናት፤ ጫጩቶቿን የገና ሰሞን አየናቸው።

መኖው ላይ ብዙ ተከራክረናል። መኖ ተወዷል። የካፌው የእንጀራ ፍርፋሪና በቆሎ ደግሞ በነፃ ይገኛል። ነገር ግን በዚያ ብቻ ዶሮ አትጥልም። በአንድ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ። በመኖዋ ካላገኘችው ከአጥንቷ እያወጣች ትሰጣለች፤ በመጨረሻም ታቆማለች። ቅርፊቱ ሲሳሳና ሲለሰልስ ምልክቱ መጥቷል ማለት ነው። ጣይ ዶሮ መኖዋ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል፤ በቆሎ ግን 9 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በቆሎውን ከፍሩሽካና ከኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ ከሚቀረው) ጋር መቀላቀል ጀመርን፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄትም ጨመርንበት። ፍርፋሪው አሁን እንደ ቅምሻ ብቻ ነው የሚሰጠው። የሻገተ ነገር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ጥር ላይ ከአምና የቆዩት የፈረንጅ ዶሮዎች አንገታቸው ተመለጠ። ቤቱ ላባ በላባ ሆነ። ልጆቹ በሽታ መስሏቸው ደንግጠው ነበር። ላባ እየቀየሩ ነው። ዶሮ በአብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከራሷና ከአንገቷ ጀምራ ላባዋን ትለውጣለች። ሁለት ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። ላባ ከ85 በመቶ በላይ ፕሮቲን ስለሆነ ያላት ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ፋጉሎውን ጨመር አደረግንላቸውና ታገስን። መጋቢት ላይ አዲስ ላባ ለብሰው መጣል ጀመሩ። ጥር ላይ አርደናቸው ቢሆን ኖሮ የሚያዝያን እንቁላል አናይም ነበር።

አንዲት ተማሪ ስዊድን ያለችው አክስቷ፣ እዚያ አገር ዶሮዎች በብርዱ ወቅት እንደሚያቋርጡ ነገረቻት፤ የእኛስ ለምን አያቋርጡም ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዶሮ እንቁላል እንድትጥል የሚቀሰቅሳት የብርሃን ርዝመት ነው፤ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ሲሆን ይስማማታል። ስቶክሆልም ታኅሣሥ ላይ ቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እኛ አገር ግን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። እንደዚያ ሆኖም የዶሮ ቤታችን ጨለማ ነበር። በምሥራቅ በኩል መስኮት ከፍተን በወንፊት ሽቦ ሸፈንነው። ማታ ማታም አምፖል ለተወሰነ ሰዓት ይበራል።

አንድ ነገር ግን በደብተርና በትዕግሥት አይፈታም፤ እሱም ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ ካቋረጠ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ካለ፣ አንገት ከተጠማዘዘ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። የታመመ ዶሮ በርካሽ ገበያ አውጥቶ መሸጥ በሽታውን ለጎረቤት ማውረስ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። እኛ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ባለሙያ መጥቶ በመጠጥ ውሃ ሰጠልን። ልጆቹ ዶሮዎቹን አስቀድመው ውሃ አስጠሟቸው። ክሎሪን የሌለበት ውሃም ከጉድጓድ አመጡ፤ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋልና።

ከእንቁላል ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ለመኖና ለጉዝጓዝ ውሏል። ክረምቱን ቅርብ የሚኖሩ አባላት በተራ እየመጡ ይጠብቋቸዋል፤ ደብተሩም አይቋረጥም። ወላጆችን አንድ ነገር እንለምናለን። የእንቁላል ቅርፊት አትጣሉ። አጥባችሁ፣ ምጣድ ላይ አመስ አድርጋችሁ፣ በልጆቻችሁ ላኩልን። አድቅቀን ከመኖው ጋር እንቀላቅለዋለን። አዲስ አባላትን መስከረም ላይ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት እንመዘግባለን።