ለደንበኞቻችን፦ ባክአፕ ሳይሠራ ሲያድር ስለሚደርሳችሁ መልእክት

ሐዋሳ፣ ግንቦት

ለክቡራን ደንበኞቻችን በሙሉ
ጉዳዩ፦ የባክአፕ ማስጠንቀቂያ ስለ መጀመሩ

እንደምን ከረማችሁ። ከሰኔ 1 ጀምሮ የጥገና ውል ባለን ድርጅቶች ሁሉ፣ ባክአፕ (ዋናው ቢጠፋ የሚተካው የፋይሎቻችሁ ቅጂ) ሳይሠራ ያደረ እንደሆነ በማግስቱ ጠዋት በስልካችሁ መልእክት ይደርሳችኋል። አንዳንዶቻችሁ «ባክአፕማ አለን፣ ማታ ማታ ራሱ ይሠራል» እንደምትሉ እናውቃለን። ደብዳቤው ረዘም ያለውም ለዚሁ ነው።

ራሱ የሚሠራ ነገር ሲቆምም ራሱ ይቆማል፤ ማንንም አያስፈቅድም። ካሸሩ ሽያጩን ይመታል፣ ሒሳብ ሹሟ ሪፖርቷን ታወጣለች፣ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራምም ሆነ ሌላው ሲስተም እንደ ወትሮው ይከፈታል። ባክአፕ ከቆመ ሦስት ወር ቢሆነው እንኳ በቀን ሥራችሁ ላይ የሚጎድል ነገር የለም። ጉዱ የሚታወቀው ሃርድ ዲስኩ የተቃጠለ ዕለት ወይም ራንሰምዌር የሚባለው ቫይረስ ፋይሉን ቆልፎ ገንዘብ የጠየቀ ዕለት ነው።

መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ የጅምላ መደብር ለሌላ ጉዳይ ጠርቶን ሄድን። ፕሪንተር ነበር ችግሩ። ባክአፑ የሚቀመጥበት ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ) ዲስክ ከጠረጴዛው ሥር ተሰክቶ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ላየው ሰው ሥራ ላይ ነው። ከፈትነው። የመጨረሻው ፋይል የጥር ነው፤ እኛ የሄድነው ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል። አንድ ሰው ወለል ሲጠርግ ገመዱን ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክቶታል፤ ያኔ ዊንዶውስ ሲያውቀው «ኢ» ይባል የነበረውን ዲስክ «ኤፍ» ብሎታል። የባክአፕ ትእዛዙ ግን በየማታው «ኢ»ን ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ይተዋል። ይባስ ብሎ ትእዛዙን በሰዓቱ የሚያስነሳው የዊንዶውስ የጊዜ ሰሌዳ በየማታው «ተሳክቷል» ብሎ መዝግቧል። እሱ የሚያየው ትእዛዙ ተጀምሮ ማለቁን እንጂ ፋይሉ መገልበጡን አይደለምና።

ሌሎቹ ምክንያቶችም ከዚህ የራቁ አይደሉም። ዲስኩ ይሞላል። አስተዳዳሪው የኮምፒውተሩን ፓስወርድ ይቀይርና በአሮጌው ፓስወርድ የተመዘገበው የማታ ሥራ አልገባም ይላል። ወይም ዲስኩን አንዱ የሠርግ ቪዲዮ ሊገለብጥበት ይዞት ይወጣል። በእኛ ከተማ ከሁሉም የሚብሰው ግን መብራት ነው፤ የሚሄደው መብራት ብቻ ሳይሆን እኛው የምናጠፋው። ብዙ ሱቅ ሲዘጋ ከቆጣሪው አጥፍቶ ነው የሚሄደው። ጥሩ ልማድ ነው፣ እሳትም ይከላከላል፤ ነገር ግን ለሌሊት የተቀጠረ ባክአፕ በዚያ ቤት አንድም ቀን አይሠራም። እንዲህ ለምታደርጉ ደንበኞቻችን የባክአፑን ሰዓት ከመዝጊያችሁ በፊት እናደርገዋለን፤ ምሳ ሰዓት ላይም ሊሆን ይችላል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ የሚባለውን የዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ፕሮግራም ነፃ ዕትም የምትጠቀሙ ፋርማሲዎችና ክሊኒኮች ደግሞ አንድ ነገር እወቁልን። ያ ዕትም የራሱ የጊዜ ሰሌዳ ሠራተኛ የለውም። ባክአፑ የሚነሳው ከውጭ፣ በዊንዶውስ ሰሌዳ በኩል ነው፤ ስለዚህ ከላይ በመደብሩ የሆነው ሁሉ እናንተም ጋ ሊሆን ይችላል።

ይህ የትንሽ ቢሮ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጊትላብ የሚባለው፣ በዓለም ዙሪያ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያው በስሕተት ዋናውን ዳታቤዝ 300 ጊጋባይት ያህል አጠፋው። ወደ ባክአፑ ሲሮጡ ማስቀመጫው ባዶ ነው። ባክአፕ የሚሠራው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር የማይገጥም አሮጌ ዕትም ስለነበር በየጊዜው ይከሽፍ ነበር። የሚገርመው ማስጠንቀቂያም ተዘጋጅቶ ነበር፦ ሲከሽፍ ኢሜይል ይላካል፤ ኢሜይሉን ግን የሚቀበለው ሰርቨር የማንነት ማረጋገጫ የለውም ብሎ ይመልሰው ነበር። የሚነግር ስለጠፋ ሁሉም ደህና ነው ተብሎ ተኖረ። መጨረሻ ያዳናቸው ከአደጋው ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ የስድስቱ ሰዓት ዳታ ግን ጠፍቶ ቀረ።

እኛ ከዚህ የወሰድነው ይህን ነው፦ የተበላሸ ነገር ራሱ ተበላሽቻለሁ ብሎ እንዲጮህ መጠበቅ አይገባም። ሰርቨሩ ከሞተ፣ መብራት ከሌለ፣ ኮምፒውተሩ ከተሰረቀ፣ ማን ነው ኢሜይሉን የሚልከው? ስለዚህ ነገሩን ገለበጥነው። ባክአፑ በየማታው ሠርቶ ሲጨርስ ከእናንተ ግቢ ውጭ ላለው መከታተያችን አጭር ቃል ይልካል። ወደ አዲስ አበባ የሄደ ልጅ ሲደርስ ደውሎ «ገብቻለሁ» እንደሚለው ማለት ነው፤ እናት የምትጨነቀው ስልኩ ሳይጮህ ሲመሽ ነው። የሰርቨራችሁ ቃል እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ካልመጣ መከታተያው ማንንም ሳይጠብቅ ለእናንተም ለእኛም ይልካል።

ቃሉ መምጣቱ ብቻም አይበቃንም። የፋይሉ መጠን አብሮ ይመጣል። ትናንት 800 ሜጋባይት የነበረ ፋይል ዛሬ 3 ሜጋባይት ከሆነ፣ ባክአፕ ተሠርቷል ቢባልም ውስጡ ምንም የለም፤ እሱንም እንደ ክሽፈት እንቆጥረዋለን። ዲስኩ ላይ የቀረው ቦታም ይለካል፤ ሊሞላ ሲቃረብ ከመሙላቱ በፊት ትሰማላችሁ።

በስልካችሁ የምታዩት ይህን የመሰለ ነው፦

«ሐሙስ ጠዋት 2፡00። የትናንት ማታ ባክአፕ አልተሠራም። የመጨረሻው የተሳካው፦ ማክሰኞ ማታ 2፡10። ምክንያት፦ ኤክስተርናል ዲስኩ አልተገኘም። ገመዱን ይዩልን፤ ተሰክቶ ከሆነ ሳትነኩት ደውሉ።»

ሰርቨሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ መልእክቱ ላይ ግን በእኛ ሰዓት እንዲወጣ አድርገናል። ማታ 2 ሰዓትን ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ ማንበብ ቀላል ስለሆነ «ማታ» እና «ጠዋት» የሚለው ሁልጊዜ ይጻፋል። የሽያጭ ቁጥር፣ የሕመምተኛ ስም፣ የደንበኛ ስልክ በመልእክቱ ውስጥ አይገባም።

መልእክቱ በቴሌግራም ቦት (ራሱ መልእክት በሚልክና በሚቀበል አካውንት) እና በኤስኤምኤስ፣ በሁለቱም ይላካል። ለምን ሁለት? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራም በአገራችን ተገድቦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ያኔ ቪፒኤን (ገደቡን የሚያሳልፍ ፕሮግራም) የሌለው ሰው መልእክት አያይም ነበር። ኤስኤምኤስ ደግሞ ዳታ ያላበራ ስልክም ላይ ይገባል። ኢሜይልን የተውነው ሆን ብለን ነው። አብዛኞቻችን ኢሜይል የምንከፍተው ሰው ደውሎ «ኢሜይል ልኬልሃለሁ» ሲለን ነው።

ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን በየቀኑ አንነዘንዛችሁም። በየቀኑ «ደህና ነው» የሚል መልእክት የሚደርሰው ሰው ሳምንት ሳይሞላው ማንበብ ያቆማል፤ አስቸኳዩም ሲመጣ ከዚያው ጋር ያልፈዋል። ሰኞ ጠዋት ብቻ የሳምንቱን ሁኔታ በአንድ መስመር እንልካለን። ይህች የሰኞ መልእክት ማስጠንቀቂያው ራሱ በሕይወት መኖሩን የምታውቁባት ናትና ሰኞ እስከ ረፋድ ካልደረሰቻችሁ ደውሉልን።

እሑድ ዝግ የሆኑ ድርጅቶች እሑድን እንዘልላቸዋለን። በዓላትም እንዲሁ፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ግን ቀኑን አያንቶዎች (ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ኮከብ አይተው ስለሚያውጁት አስቀድመን ሰሌዳ ላይ ማስፈር አንችልም። ለዚያና ለሌላ ድንገተኛ መዘጋት ለቦቱ «ዝግ» ብላችሁ መጻፍ ይበቃል። ሐይቅ ዳር ላላችሁ ሆቴሎች ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ለታኅሣሥ ገብርኤል ክፍሉ ሁሉ ሲሞላ የማታ ባክአፕ ብቻ አይበቃም። በዚያ ሰሞን በየጥቂት ሰዓቱ እናደርገዋለን፣ ማስጠንቀቂያውም በዚያው ልክ ይፈጥናል።

ከእናንተ የምንፈልገው የሁለት ሰዎች ስልክ ነው። አንዱ ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጅ፣ ሌላው ቢሮው ውስጥ ሆኖ ገመድ ማየት የሚችል ሰው ይሁን። የሠራተኞች ግሩፕ ውስጥ እንድናስገባው የጠየቃችሁን አላችሁ፤ አንመክርም። ሃያ ሰው ባለበት ግሩፕ እያንዳንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ ያልፋል። ከሁለቱ አንዱ ሥራ ሲለቅ ደግሞ በዚያው ዕለት አሳውቁን፤ የለቀቀ ሰው ስልክ ላይ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ የትም አያደርስም።

ማስጠንቀቂያው ዲስካችሁን አይተካም። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ራንሰምዌር ሲገባ አብሮ ይቆለፋል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ዲስክ ተነቅሎ ከቢሮ ውጭ እንዲያድር የምንለው እንዳለ ነው። በየሦስት ወሩም አንድ ባክአፕ ወስደን በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንከፍተዋለን። ተገልብጦ ያልተከፈተ ፋይል መኖሩን እንጂ መሥራቱን አናውቅም።

በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት የእያንዳንዳችሁን ዲስክ አንድ ማታ ሆን ብለን ነቅለን እናሳድራለን፤ ጠዋት መልእክቱ መምጣቱን ለማየት። ቀኑን ቀድመን እንነግራችኋለን፣ እንዳትደነግጡ። የአብዛኞቻችሁ ሒሳብ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ከዚያ በፊት ሁሉንም ማዳረስ እንፈልጋለን።

አገልግሎቱ በጥገና ውላችሁ ውስጥ ነው፣ ተጨማሪ ክፍያ የለውም፤ የኤስኤምኤሱም ወጪ የእኛ ነው። የሁለቱን ሰዎች ስምና ስልክ፣ የምትዘጉበትን ሰዓት፣ እንዲሁም ስትወጡ ከቆጣሪ ታጠፉ እንደሆነ እስከ ግንቦት 25 በተለመደው ስልካችን ጻፉልን።

ከሠላምታ ጋር
የቴክኒክ ክፍል