የክበባት ዘገባ፦ ከቁራሌው የተረፈው ማተሚያ

የኅትመትና ሚኒ ሚዲያ ክበባችን የዘንድሮ ዋና ሥራ፣ በዕቃ ግምጃ ቤቱ በተሰባበሩ ዴስኮች ሥር ተቀብሮ የኖረውን ፔዳል ማተሚያ ማሽን ወደ ሥራ መመለስ ነበር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አሮጌ ንብረት ሲወገድ ለቁራሌው ሊሸጥ ጥቂት ቀርቶት የነበረው ያ ጥቁር ብረት ነው። «በኮምፒውተር ዘመን ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ከባልደረቦቼ ጭምር ስለቀረበልን መልሱን እዚህ ማስፈር ተገቢ መስሎኛል።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን በወጉ ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤያቸውም ተሟልቶ በጽሕፈት ቤት ይገኛል። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ያለቀው በናፍጣና በብረት ቡሩሽ ዝገት ስናራግፍ ነው። የአንድ ተማሪያችን አባት ቶርኖ ቤት ስላላቸው የተበላውን የፔዳል ፒን ያለ ክፍያ ሠርተውልናል፤ የተሰነጠቀውንም ክንድ፣ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) በተራ ብየዳ ስለማይያዝ፣ ቀስ በቀስ አግለው በትዕግሥት በይደውታል። የቀለም ሩሎዎቹ ጎማ ደርቆ ስለነበር መርካቶ ወስደን አዲስ አስለበስን። መጀመሪያ የለበሰው ወፍሮ ጽሑፉን ቢያጨማልቅብንም በድጋሚ ተስተካክሏል። ወጪውን የሸፈኑልን በወላጆች ቀን ቡናና ቆሎ የሸጡ እናቶች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው የአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አያት፣ ጡረታ የወጡ ፊደል ለቃሚ (የማተሚያ ፊደላትን ከሣጥን እያነሱ የሚደረድሩ ባለሙያ)፣ የመጡበትን ቅዳሜ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ነገር ግን ከእርሳስ ማዕድን በተሠራው በእያንዳንዱ የማተሚያ ፊደል ጎን ያለችውን ጭረት በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ፊደሉን ሳያዩ አቅጣጫ ያስይዙታል። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መውጣት ሲጀምር ፊደሉ እንዲህ አንድ በአንድ በእጅ ይለቀም እንደነበር ለልጆቹ ሳስረዳ፣ እርሳቸው ሳቅ ብለው «አስተማሪው ያውሩ፤ እኛ እንልቀም» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። የእኛ ፊደል ከሁለት መቶ በላይ በመሆኑ ሣጥኑ ሰፊ ነው፤ ቶሎ የሚያልቀው ደግሞ ሳድሱ ነው። የልጅ ልጃቸው የጻፈችው የመጥሪያ ካርድ ገና ሳይጋመስ «ን» አለቀ። በድርሰት ትምህርት አንድ ዐረፍተ ነገር ሰርዢ ስላት የምታኮርፈው ይህች ልጅ፣ የራሷን ጽሑፍ ደጋግማ እየሰረዘች፣ ትርፍ ቃል እያወጣች፣ በቀሩት ፊደላት እስኪበቃ ድረስ ስታሳጥረው ቆማ አየሁ። ለጠያቂዎቻችን ያለኝ መልስ ይኸው ነው።

እርሳስ መርዛማ በመሆኑ ጓንትና ሳሙና ያስፈልገናል፤ እስካሁን ከኪሳችን ስንገዛ ቆይተናል። የስፖርት ክበቡ ማልያ በየዓመቱ መቀየሩን አንቃወምም፤ ሆኖም ለክበባት ከሚመደበው ገንዘብ ለእኛ የደረሰን ለቀለም እንኳ አልበቃም። ማሽኑ ያረፈበት ክፍል ጣሪያም ያፈሳል፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ቆርቆሮ ካልተቀየረ የራገፈው ዝገት ይመለሳል። በቤታችሁ የእርሳስ ፊደል ያላችሁ፣ ወይም በኅትመት ሙያ የሠራ ዘመድ ያላችሁ ወላጆች በጽሕፈት ቤት በኩል ብታሳውቁን፣ የመጪውን ዓመት የምስክር ወረቀት በራሳችን ማሽን ለማተም ተዘጋጅተናል።