ለደንበኞቻችን፦ ዳጣችን ለምን ኮመጠጠ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው ወር ጀምሮ ከሚደወልልን ስልክ ግማሹ ስለ አረንጓዴው ዳጣ ነው። «ምን ነካችሁ? ኮመጠጠ እኮ!» ትሉናላችሁ። አንዲት እናት እንዲያውም ጠርሙሱን ይዘው ማምረቻችን ድረስ መጡና በማንኪያ አቅምሰውን፣ «ልጄ፣ ይሄ ዳጣ ነው ወይስ ሎሚ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። የድሮው እንዲህ አልነበረም፤ የቀየርነው እኛው ነን። ምክንያቱን በስልክ እየተጣደፍን ከምንነግራችሁ ተረጋግተን ብንጽፈው ይሻላል ብለን ነው።

ሥራውን ስንጀምር ዳጣ የምንሸጠው ከፍሪጅ ብቻ ነበር። ዛሬ ይፈጫል፣ ነገ ሱቅ ይደርሳል፣ ሳምንት ሳይሞላው ያልቃል። ከዚያ ጥያቄው መጣ። መብራት በጠፋ ቁጥር ተበላሸብን ያላችሁ አላችሁ። ክፍለ ሀገር ለተማሪ ልጅ የምትልኩ፣ ለዱባይና ለሪያድ ሻንጣ የምታዘጋጁ፣ ፍሪጅ የሌላችሁም «ከፍሪጅ ውጪ የሚቆይ ሥሩልን» አላችሁን። ባለሱቆችም ይህንኑ ይመርጣሉ፤ ፍሪጃቸው በለስላሳና በውሃ የተያዘ ነው። በአጭሩ ሦስት ነገር ጠየቃችሁን፦ መደርደሪያ ላይ ይቆይ፣ ኬሚካል አይግባበት፣ የቤት ጣዕሙን አይልቀቅ። ሁለቱ ይቻላሉ። ሦስቱን አንድ ላይ ማድረግ ግን አቃተን።

ያቃተን በቃሪያው ምክንያት ነው። ብርቱካንና አናናስ በተፈጥሯቸው ኮምጣጣ ናቸው፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ግን አይደሉም። የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ምግቡ ይበልጥ ይኮመጥጣል። በዚህ ሥራ ድንበሩ 4.6 ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ማደግ አይችልም። ከዚያ በላይ ሆኖ አየር በማይገባው ጠርሙስ ታሽጎ ውጪ ከተቀመጠ ግን ተመቸው ማለት ነው፤ ይህ ባክቴሪያ የሚያድገው አየር በሌለበት ነውና። «ከላዩ ዘይት አፍስሱበት፣ አይበላሽም» የምትሉን አላችሁ፤ ዘይቱ የሚከለክለው አየሩን ስለሆነ ለዚህ ባክቴሪያ ይብስ ያመቸዋል። ክፋቱ ደግሞ መርዙ ኖሮ ሽታውም መልኩም ላይለወጥ ይችላል።

«ታዲያ አፍልታችሁ አሽጉት» ላላችሁን፦ ባክቴሪያው የሚያፈራው ጠንካራ ዘር በፈላ ውሃ አይሞትም። እሱን ለመግደል 121 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በግፊት የሚሠራ ማሽን ይጠይቃል። አዲስ አበባ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላው ናዝሬት ቶሎ በስሎ እዚህ ጋዝ የሚጨርሰው ለዚሁ ነው። ከኢንተርኔት ያገኛችሁት «ለ10 ደቂቃ አፍልቶ ማሸግ» የሚል አሠራር ብዙ ጊዜ ቆላ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው፤ እባካችሁ እንዳለ አትውሰዱት። ማሽኑ ቢኖረን እንኳ 121 ዲግሪ ያየ ቃሪያ አረንጓዴነቱም የትኩስነት ሽታውም አይተርፍለትም። የቃሪያ ወጥ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ የቀረን ሎሚ ነው፤ ትንሽ አቼቶም አለበት። ከእያንዳንዱ ድስት በማንኪያ ቀድተን እናቀዘቅዝና መለኪያውን እንነክርበታለን። 4.1 ወይም ከዚያ በታች ካላሳየ አንድም ጠርሙስ አይሞላም። ካሳየ በኋላ እናሞቀዋለን፣ በትኩሱ እንሞላለን፣ ክዳኑ እንዲጸዳ ጠርሙሱን ገልብጠን እናቆየዋለን። ሎሚ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ የጎደለውን በሲትሪክ አሲድ እንሞላለን፤ መለያው ላይም ጽፈነዋል። ሎሚን የሚያኮመጥጠው ያው ራሱ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ግን ሎሚ እየጨመቀ ሳይሆን ስኳርን በሻጋታ አብላልቶ ነው፤ «ከሎሚ የወጣ» ብለን አንሸውዳችሁም።

መለኪያውን የገዛነው ደግሞ ከጥፋት በኋላ ነው። አምና ሎሚውን በግምት ጨምረን ያወጣነው አንድ ዙር ነበር፤ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሦስት ክዳኖች አበጡ። የዚያን ዙር ጠርሙሶች አንድ በአንድ ሰብስበን ደፋን። የታመመ ሰው አልነበረም፤ እኛ ግን ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥተናል። «ትንሽ ሎሚ ብትቀንሱለትስ?» ስትሉን እሺ የማንለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለ ቲማቲም ድልህም ሁለት ቅሬታ ደርሶናል። (እናቶቻችን ድልህ የሚሉት የበርበሬውን ነበር፤ አሁን ቲማቲሙ ስሙን ወስዶበታል።) አንደኛው «ቲማቲም ረክሶ የእናንተ ለምን አልረከሰም?» የሚል ነው። አንድ ኪሎ ወፍራም ድልህ ለማውጣት ስድስት ኪሎ ያህል ትኩስ ቲማቲም ይገባል፤ የቀረው ውሃ ሆኖ ይተናል። የምንገዛው የመቂና የዝዋይ ቲማቲም ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ነው፤ የምትገዙን ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። በርካሹ ሳምንት ትኩሱን ግዙ፣ እኛም ቤት እንደዚያው ነው የምናደርገው። ድልሁ የሚጠቅማችሁ ዝናብ በዝቶ ወይም ጾም ገብቶ ቲማቲም ሰማይ ሲነካ ነው።

ሁለተኛው ቀለሙ ጠቆረ የሚል ነው። ብርሃንና ሙቀት ያጠቁሩታል፤ መጥቆሩ ብቻውን ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። ቫይታሚን ሲው እየቀነሰ መሄዱን ግን አንክድም። ቀይ የሚያደርገው ንጥረ ነገር አብዛኛው አብሮት ይቆያል፤ በዘይት ሲቁላላም ሰውነት ይበልጥ ይወስደዋል።

ጠርሙስ ስትገዙ የክዳኑን መሃል በጣት ተጫኑት። ገባ ወጣ ካለ ወይም ካበጠ አትቅመሱት፣ የገዛችሁበት ሱቅ መልሱት፤ ያለ ጥያቄ ይቀየርላችኋል። መጀመሪያ ሲከፈት «ጧ» ማለት አለበት። ከተከፈተ በኋላ ግን እንደማንኛውም ምግብ ነው፤ ፍሪጅ ይግባ፣ እንጀራ የነካ ማንኪያም አይግባበት። ለመንገደኛ በፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ ስላለን ሻንጣ ውስጥ ጠርሙስ አትክተቱ።

የድሮውን ጣዕም ለምትሹም መላ አበጅተናል። ሎሚ ያልበዛበትን ዳጣ ሐሙስ ሐሙስ በትእዛዝ እንፈጫለን፤ ከፍሪጅ አይወጣም፣ ከሰባት ቀን በላይም አይቆይም፣ ወደ ሱቆች አናወጣውም። እስከ ረቡዕ ማታ ደውላችሁ እዘዙ፣ ማምረቻው ድረስ መጥታችሁ ውሰዱ። ጠርሙስ ይዘው የመጡት እናት ያለፈው ሐሙስ የመጀመሪያውን ወስደዋል፤ ጨው አንሶታል ብለውናል፣ እናስተካክላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማምረቻው ባለቤቶችና ሠራተኞች