የጀልባችን ቡም ጉዳይ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሐይቅ ዳር የቆመችው አሮጌዋ ባለ ሸራ ጀልባችን ቡሟ በስብሷል። ቡም የምለው ከምሰሶው ጋር ተያይዞ የሸራውን ግርጌ የሚወጥረውን አግድም እንጨት ነው። ቫርኒሹ ከላይ ያብለጨልጫል። በምሰሶው በኩል ያለውን ጫፍ በቢላ ስትነኩት ግን ሰተት ብሎ ይገባል። ውሃው የሰረገው በብሎን ቀዳዳዎቹ ነው።

«ደሴ ወስደን የብረት ቱቦ አስበይደን እንገላገል» ያላችሁ አላችሁ። እኔ አልስማማም። ብረት ከባድ ነው። ነፋሱ ሲዞር ቡሙም ተወርውሮ ይዞራል፤ ያኔ የሰው ጭንቅላት ካገኘ አያድርስ ነው። አሉሚኒየም ይቀላል፤ ዋጋውን ግን እናንተው ጠይቁ።

የሚያዋጣን የበሰበሰውን ቆርጦ በጤነኛ እንጨት መቀጠል ነው። ሲቆረጥ በሰያፍ ይሁን፤ የሰያፉ ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ቢያንስ 8 እጥፍ ይሁን። አጭር ከሆነ ይለቃል። ማጣበቂያው ኢፖክሲ ነው፤ ተራው የአናጢ ኮላ ውሃ አይችልም። እንጨቱ ከፈረሰ ቤት የተገኘ ደረቅ ጥድ፣ ጉጥ የሌለው ቢሆን ደስ ይለኛል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ በነፃ ተገኘ ብላችሁ እንዳታመጡ፣ እሱ ለአጥር ይሁን።

ቅዳሜ ጠዋት እንገናኝ። ማጥበቂያ ሞርሳ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ሸራውን አውልቄ ቤት አስገብቼዋለሁ፤ የአይጡ ነገር ነው ያሳሰበኝ።