«ውሻው ይሞታል?» የንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባት ዘገባ ሲመጣ አብዛኛው አንባቢ ገልበጥ አድርጎ ወደ ስፖርት ውድድሩ ፎቶ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። እኛ ዋንጫ የለንም። የወላጆች ቀን መድረክ ላይም አንታይም። «ቁጭ ብሎ ለማንበብ ደግሞ ክበብ ምን ያደርጋል?» ብሎ በመምህራን ማረፊያ የጠየቀኝ ባልደረባም አለ። ያኔ ሻይ ላይ ስለነበርን ሳቅ ብዬ አለፍኩት፤ መልሱን እዚህ ያንብብልኝ።

ክበባችን ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆኑ ልብ ወለዶችን ያነባል፣ ከዚያ ለሌላ ልጅ ይጠቁማል። ይህ ዕድሜ አስቸጋሪ ነው። ተረቱ አልፏቸዋል፣ የትልልቆቹ ወፍራም ልብ ወለድ ደግሞ ገና ይከብዳቸዋል። መሃል ላይ የሚሰጣቸው ሲያጡ ስልክ ይዘው ይቀመጣሉ፣ እኛም «ትውልዱ አያነብም» እንላለን። ያነባል እኮ! የሚመጥነውን አምጡለት እንጂ።

«ጥሩ መጽሐፍ ነው» ማለት ክበባችን ውስጥ ክልክል ነው። ለማን ነው ጥሩ? አንድ መጽሐፍ የሚጠቁም ልጅ «ይህ ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ ለሚኖር ሰው ነው» ወይም «የመጀመሪያው ምዕራፍ ይንቀረፈፋል፣ ሁለተኛው ላይ ግን አታቆሚም» ብሎ በትንሽ ካርድ ይጽፍና መጽሐፉ ውስጥ ያስገባል። ከነዚህ ካርዶች ብዙ ተምሬያለሁ። ልጆች ዋናው ገጸ ባሕርይ ከእነሱ አንድ ሁለት ዓመት ከፍ እንዲል ይፈልጋሉ። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ስለ 5ኛ ክፍል ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ በእጁ አይነካም፣ ቢያምር እንኳ። አጭር ምዕራፍ ይወዳሉ። ከሽፋኑ ይልቅ የመጀመሪያው ገጽ ድምፅ ተሰጥቶት ሲነበብላቸው ይሸነፋሉ።

ያልወደዱትን መጽሐፍ አቋርጠው መመለስም ይፈቀድላቸዋል። ይህች ሕግ ከአንዳንድ ወላጆች ጋር አነታርካኛለች። «ጀምሮ መተው እያስተማራችሁ ነው» ተብያለሁ። ሐሳቤን አልቀየርኩም። አንዱን አሰልቺ መጽሐፍ በግድ የጨረሰ ልጅ ሁለተኛ መጽሐፍ አያነሳም፣ አንዱን የመለሰ ግን ሌላ ይወስዳል።

ሳምንታዊ ስብሰባችን እንደ ሁሉም ክበብ ነው። ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ተመረጡ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ መጽሐፍ አስተዋወቅን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የኛን ወረቀት ደጋግሞ የገነጠለው ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

ከክርክሮቹ አንዱን ብቻ ላንሳ። የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን «ትሬዠር አይላንድ» ስናነብ አመጣጡን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1881 ስቲቨንሰን ከ13 ዓመት የእንጀራ ልጁ ጋር ሆኖ የአንዲት ደሴት ካርታ ሠራ፣ ታሪኩ ከካርታው ተወለደ፣ በ1883 በመጽሐፍ ወጣ። ልጁ «ሴት እንዳይገባበት» ብሎ ማዘዙንም ጨመርኩላቸው። ክፍሉ ተደበላለቀ! ወንዶቹ «ትክክል ነው» አሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ መጽሐፉን ሊመልሱ ተነሡ። በሚቀጥለው ሳምንት አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ራሷ አጣርታ «ዘ አውትሳይደርስ»ን ይዛ መጣች። ስለ ወንድ ልጆች ቡድን ጠብ የሚተርክ ነው። ደራሲዋ ኤስ. ኢ. ሂንተን መጻፍ ስትጀምር 15 ዓመቷ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም 18። የሴት ጽሑፍ ነው ብለው ወንድ ሐያሲዎች እንዳይንቁት ሙሉ ስሟ ቀርቶ ፊደላት ብቻ እንዲወጡ የመከረው አሳታሚው ነው። ልጅቷ ይህን ተናግራ ወንዶቹን አየት አደረገችና ተቀመጠች። ሌላ ንግግር አላስፈለጋትም። ከዚያ ወዲህ ደብተራቸው ጀርባ ላይ የራሳቸውን ታሪክ የሚጽፉ በዝተዋል፤ የሒሳብ መምህሩ ይቅር ይበለን።

ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሄድንበትን ቀን ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። ዕቅዱ ቀላል ነበር፦ ወደዚያ ለሚመጡ የማያውቋቸው ልጆች መጽሐፍ መጠቆም። መጀመሪያ ግን መጠየቅ አለባቸው። መጨረሻ ላይ የወደድሽው ታሪክ ምንድን ነው? ምን ይሰለችሻል? የሚያሳዝን ነገር ትችያለሽ?

ከአባሎቻችን አንዱ ሌሎቹ ክበባት ሞልተውበት ወደ እኛ የመጣ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ያፍርብኛል። ለረጅም ጊዜ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር። በዚያ ቀን አንዲት ከእሱ ትንሽ የምታንስ ልጅ መጣች፣ ጠየቃት፣ ስለ አንድ ልጅና ስለ ውሻው የሚተርክ ልብ ወለድ አውጥቶ ሰጣት። ሽፋኑን አየችና «ውሻው ይሞታል?» አለችው። የክበባችን ትልቁ ሕግ መጨረሻውን አለመናገር ነው። ሁላችንም ዞር ብለን አየነው። ዝም አለ። ቆይቶ «መጨረሻውን አልነግርሽም» አላት፤ «ግን የመጨረሻዎቹን ገጾች ማታ ብቻሽን አታንብቢ። ሰው ባለበት አንብቢው።» አሰብ አደረገችና መጽሐፉን ይዛ ሄደች።

ስንመለስ አጠገቤ መጥቶ «ቲቸር፣ ሕጉን አፈረስኩ እንዴ?» አለኝ። አላፈረስክም አልኩት። ጥቂት እንደሄድን «እኔ ብቻዬን ነበር ያነበብኩት» አለ።

ችግርም ነበር። የክበብ ክፍለ ጊዜ በማካካሻ ትምህርት ብዙ ጊዜ ተወስዶብናል። የጠፉ መጻሕፍት አሉ፣ አንዱ በዝናብ ተበላሽቷል። የሚያመው ግን የቅጂ ጉዳይ ነው። ከአብዛኛው ልብ ወለድ ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ልጅ ደስ ብሎት የጠቆመውን መጽሐፍ ጓደኛው የሚያገኘው ወረፋ ጠብቆ፣ ሙቀቱ ከበረደ በኋላ ነው። አብረው ያላነበቡትን ደግሞ እንዴት ይከራከሩበታል? የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ባዶ አይደለም፤ ማንም በማይከፍታቸው ያረጁ አጋዥ መጻሕፍት ተሞልቷል። ለጋሾችን እናመሰግናለን፣ ነገር ግን እባካችሁ ከቤት ለማስወገድ የፈለጋችሁትን ሁሉ ወደ እኛ አትላኩ።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከአንድ ልብ ወለድ አምስት አምስት ቅጂ፣ የሚቆለፍ አንድ ቁም ሣጥን፣ ማንም የማይነካው የክበብ ሰዓት። የሚገዙትን መጻሕፍት ልጆቹ ራሳቸው መርጠው ዝርዝሩን የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጥፈዋል። ወላጆች፣ ልጃችሁን ለመውሰድ ስትመጡ ጎራ በሉና አንዱን ምረጡ፤ ማን እንደመረጠውና ለምን እንደመረጠው ሥሩ ተጽፏል። የወላጅ ኮሚቴውም ስለ በጀት ሲሰበሰብ እኔን ሳይሆን ከልጆቹ ሁለቱን ይጥራ። እነሱ ከእኔ በተሻለ ያስረዳሉ።