ይድረስ ለአባዬ፣ ከሞሪሸስ

አባዬ፣ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህ ተሻለው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «ህንዶች መሃል እንዴት ኖራችሁ?» ስትለኝ ሳቄ መጣ። ሐሳብህ ደሴ ሒሳብ ያስተማረህ ህንዳዊ ጋ እንደሄደ ገብቶኛል። እሱ ኮንትራቱ ሲያልቅ አገሩ ገባ። ወደዚህ ደሴት የመጡት ህንዶች ግን አብዛኞቹ እዚሁ ቀሩ። ዛሬ ከሦስት ሞሪሸሳዊ ሁለቱ ገደማ የህንድ ዘር ነው።

እንግሊዞች ባርነት ሲቀር ለሸንኮራ እርሻው ጉልበት ቸገራቸው። በፈረንጆች ከ1834 ጀምሮ ከህንድ በመርከብ አመጡ፤ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው። የአምስት ዓመት ኮንትራት ነበር፤ የሰፈራችን ልጆች ቤሩት እንደሚሄዱት በለው። አንድ ቀን ከሥራ የቀረ የሁለት ቀን ደመወዝ ይቆረጥበት ነበር። ዋና ከተማው ፖርት ሉዊስ ወደብ ላይ የወጡባቸው 16 የድንጋይ ደረጃዎች አሁንም አሉ።

አከራያችን የቅድመ አያቷን መዝገብ ሞካ ካለው ማህተማ ጋንዲ ኢንስቲትዩት አስወጥታለች። ቁጥሩ፣ መርከቡ፣ መንደሩ፣ ቁመቱ፣ ጠባሳው ሳይቀር ተጽፏል። እንደ ከብት ነው የመዘገቡት ብዬ በገንኩ። እሷ እቴ! በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቅላዋለች።

አንተ «ደም አይረሳም» ትላለህ። ደሙን እንጃ፤ ምላስ ግን ይረሳል። የአከራያችን አያት ቦጅፑሪ የሚባል የህንድ ቋንቋ ነበር የሚያወሩት። እሷ ትሰማለች። ልጆቿ የደሴቱን መግባቢያ ክሪዮልና ፈረንሳይኛ ብቻ። የከረመው ጸሎቱና ምግቡ ነው። ማሃ ሺቫራትሪ ለሚሉት የሂንዱ በዓል ነጭ ለብሰው፣ ከየመንደሩ በእግራቸው ወደ ግራን ባሳን ሐይቅ ሲተሙ ብታይ ቁልቢ ትዝ ይልሃል። ዶል ፑሪ የሚሉት ደግሞ አለ፦ የአተር ክክ ተቀቅሎና ተፈጭቶ ሆዱ የገባ ስስ ቂጣ። ሁለት ሁለቱን ደራርበው፣ የባቄላ ወጥ፣ የቲማቲም ስልስና ቃሪያ ጨምረው በወረቀት ጠቅልለው መንገድ ላይ ይሸጣሉ። ቅቤ የለው፣ ሥጋ የለው፤ ለረቡዕና ለዓርብህ ይሆናል።

እኔን የጨነቀኝ የልጄ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ በአማርኛ ሳወራት በክሪዮል ትመልስልኛለች። ስለዚህ እሁድ ስትደውል በዚያች በእንግሊዝኛህ አታባብላት። በአማርኛ ብቻ አውራት። እኔም ከጎን ሆኜ አላስተረጉምም። ባትግባቡም ስልኩን አትዝጋው።

የጉልበትህን መድኃኒት ካርቶን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ እዚህ ፋርማሲ ልጠይቅ።

ልጅህ