በእርሳስ የሞነጫጨርክብኝ መጽሐፍ

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል?

ስድስት ዓመት ጠፍቶ "እንዴት ከረምክ" ማለት እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን ሌላ መግቢያ አጣሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አንዱ ይቅርታ በይቅርታ ሆነ፤ አንዱ ወቀሳ። ሦስተኛው ማመልከቻ መሰለኝ። ስለዚህ ሁሉንም ትቼ ስለ መጽሐፍ ልጻፍልህ። ድሮም የምንግባባው በሱ ነው። የምንጣላውም በሱው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቆየ ካርቶን ስፈታ ያ ስለ ፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል የሚያወራው የፍሬድሪክ ፎርሳይዝ ልቦለድ፣ "ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል" ብቅ አለ። ጀርባው ተገንጥሏል። በየገጹ ጠርዝ በእርሳስ ሞነጫጭረህበታል። አንድ ሁለት ገጽ ላይ ዓይኔን ጣል ላድርግ ብዬ ቆሜ ጀመርኩ፤ ተቀመጥኩ፤ ነጋ።

ታሪኩን መቼም አትረሳውም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦገስት 22 ቀን 1962፣ ፓሪስ ዳር ፕቲ ክላማር በተባለ ቦታ፣ ደጎልና ባለቤታቸው በተቀመጡበት መኪና ላይ ከመቶ በላይ ጥይት ተተኮሰ። ጎማው ፈነዳ፣ መስታወቱ ረገፈ፣ እነሱን ግን አንዱም አላገኛቸው። ሴራውን የመራው ዣን ባስትያን ቲሪ የአየር ኃይል ሌተና ኮሎኔል ነበር። የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረችውን አልጄሪያን አሳልፈው ሰጡ ብሎ ነው የገዛ ፕሬዚዳንቱን ሊገድል የተነሳው። በማርች 1963 ተረሸነ። ይህ ሁሉ የእውነት የሆነ ነው። ልቦለዱ የሚነሳው ከዚያች የመረሸኛው ማለዳ ነው። ከዚያ ደጎልን ሊገድል ስሙን የማናውቀው እንግሊዛዊ ቅጥረኛ ገዳይ ይመጣል።

ደጎልን ማንም እንዳልገደላቸው፣ በ1970 ቤታቸው ውስጥ እንዳረፉ ዓለም ያውቃል። አሳታሚዎችም መጀመሪያ መጽሐፉን የመለሱት መጨረሻውን ያወቀውን ነገር ማን ያነባል ብለው ነው። እኔ አነባለሁ፤ ያውም ለአራተኛ ጊዜ። የሚይዘኝ ተኩሱ አይደለም። ወረቀቱ ነው። ገዳዩ የመቃብር ቦታ እየዞረ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ይፈልጋል፤ ቢያድግ ኖሮ እኩያው የሚሆን። በልጁ ስም የልደት ወረቀት ያወጣል፣ በወረቀቱ ፓስፖርት። ማንንም አላስፈራራም። ቅጽ ሞላ፣ በቃ። ፎርሳይዝ ፓሪስ ውስጥ የሮይተርስ ዘጋቢ ነበር፤ ይህን ሁሉ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ እንደ ዜና ይነግርሃል። እንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ ይህን ዓይነት ማጭበርበር በመጽሐፉ ስም ነው የሚጠሩት።

አሳዳጁም ያው ነው። የፖሊሱ ኮሚሽነር ለቤል፣ ቤቱ ሚስቱ የምትጨቀጭቀው ሰውዬ። ሥራው ስልክ መደወል ነው። ማታ ማታ ሹማምንቱ ፊት ቀርቦ ሪፖርት ያደርጋል፤ ወሬው ግን ከዚያው ክፍል ሾልኮ ገዳዩ ጆሮ ይደርሳል። በኋላ ሾላኪውን ያጋልጠዋል። የማንን ስልክ መጥለፍ እንዳለበት በምን አወቀ? አላወቀም። የሁሉንም ጠልፏል።

እኔ እዚህ ጋ ሁሌ በደስታ እስቃለሁ። አንተ ግን ጠርዙ ላይ "ነገስ የማንን ሊጠልፍ ነው?" ብለህ ጽፈሃል። ሁለት ጊዜ አስምረህበታል።

የተጣላነው በዚህ ነበር፣ ታስታውሳለህ? እነዚህ ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት ቦምቡ ሊፈነዳ ደቂቃ ቀረው እያሉ፣ ሕግ የሚጥሰውን ሰውዬ እንድንወደው ያለማምዱናል አልክ። እኔ ሰባኪ አልኩህ። ከዚያ ነገሩ ከረረ። የተባባልነውን አልደግመውም።

ያኔ መከራከሪያዬ አሜሪካዊው ልቦለድ ጸሐፊ ቶም ክላንሲ ነበር። ኢንሹራንስ ሲሸጥ የኖረ ሰው በ1984 ባሕር ሰርጓጅ መርከብን ብሎን በብሎን ፈትቶ አሳየን እያልኩ አሰለችህ ነበር። ትልቁ ካርታዬ ደግሞ የ1994ቱ መጽሐፍ ነው። አንድ ልቡ የተሰበረ አብራሪ ጃምቦ ጄት ይዞ የአሜሪካ ምክር ቤት ላይ ይከሰከሳል። ሰባት ዓመት ቆይቶ ሴፕቴምበር 11 መጣ። የዋይት ሀውስ የፀረ ሽብር ኃላፊ የነበረው ሪቻርድ ክላርክም፣ አውሮፕላን እንደ ቦምብ ሊያገለግል እንደሚችል ከስለላ ሪፖርት ይልቅ ከክላንሲ ልቦለዶች እንደተረዳ ለመርማሪ ኮሚሽኑ ተናግሯል። ይኸው፣ ልቦለድ ከሰላይ ቀድሞ አየ! ብዬ አፌን ሞልቼ ነበር።

ሰሞኑን ያንንም መጨረሻውን ደግሜ አነበብኩት። ለካ በዚያ ፍንዳታ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ጀግናው ራሱ ነው። የምንወደውን ሰውዬ ወንበር ላይ ያወጣው ያ ሁሉ እልቂት ነው። እኔ ደግሞ ያኔ አጨብጭቤ ነበር የዘጋሁት። አንተ እያየህልኝ ይሆናል።

ከዚያ በንዴት ጆሴፍ ኮንራድን ከፈትኩ። አንብብ ስትለኝ ይደብራል ያልኩህን፣ የ1907ቱን። በ1894 ግሪኒች ፓርክ ውስጥ ማርሲያል ቡርዳን የሚባል ሰው የያዘው ቦምብ ራሱን ገደለው፤ መነሻው እሱ ነው። በኮንራድ ልቦለድ ውስጥ ግን ቦምቡን የሚያዘው የኤምባሲ ሰው ነው፤ ለንደን ደንግጣ መንግሥት የሚባል አይኑር በሚሉት አናርኪስቶች ላይ እንድትጠነክር። የሚሞተው ደግሞ ምንም የማያውቅ የዋህ ልጅ። እህቱ እንዳይጠፋባት አድራሻውን ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጽፋ ኮቱ ውስጥ ሰፍታለት ነበር። ፖሊስ ቤቷን ያገኘው በዚያች ጨርቅ ነው። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ ወጣሁ። ክላንሲ ሚሳይሉን እስከ ሽቦው ያሳየኛል፤ ልብሱን ማን እንደሰፋለት ግን ጠይቄው አላውቅም።

እሺ፣ አሸነፍክ። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ሰው እነዚህን መጻሕፍት የሚያነበው ደም ለማየት ነው ያልከውን አልቀበልም። እኔ ገዳዩ ጠመንጃውን ከሚያነሳበት ገጽ ይልቅ ፎርም የሚሞላበትን ነው የምደጋግመው። እንዲያውም ተኩሱን አልፈዋለሁ።

የዘንድሮው ግን የተለየ ነው። ልጨርስ ስል የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። ተገንጥለው ወድቀዋል። ያን ጊዜ ይዘኸው ሰንብተህ የመለስክልኝ አንተ ነህና፣ እስቲ ካንተ መጻሕፍት መሃል ፈልጋቸው። ደጎል እንደማይሞቱ አውቃለሁ። ቢሆንም ላክልኝ። ከቻልክ ራስህ ይዘሃቸው ና።

ያው ያንተው